ኮንጋ ላይ ያገሳው

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከተገኘሁ የዘንድሮ ቡናዬ ገና አበባ ላይ እያለ ይርገፍ፤ ከዲላ ኮንጋ የምመላለስባት ሞተር አቀበቱ መሀል ቀጥ ትበል፤ ምላሴም ላንቃዬ ላይ ተጣብቃ ትቅር። እንዲያውም ስንቱን ቀንሼ ነው የምነግራችሁ። እንዳለ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ኮንጋ ውስጥ ደግነት የሚባለውን ሰው የማያውቅ የለም። ዕድሜው አርባ ስምንት ነው፤ እሱ ሲናገር ግን እንደ ጨዋታው ዓይነት አንዳንዴ ስልሳ ይሞላዋል፣ አንዳንዴ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ይቆማል። ኮንጋ ላይ ሆኖ ሲስቅ አሪቻ ማዶ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ቀና ብለው ያያሉ። አንድ ጊዜ ከአባያ ሐይቅ ያወጣውን ዓሣ በሦስት አህያ አስጭኜዋለሁ ብሎ፣ አራተኛዋ አህያ ጭራውን ብቻ ተሸክማ እንደደከማት ተናግሯል። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል። ደግነት ሰባት ካለ አንድ፣ አሥራ አራት ካለ ሁለት ብሎ ማካፈል ነው። ልጆቻችን ማካፈልን የተማሩት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከሱ ነው የሚሉም አሉ።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን ያ ሁሉ ድምፅ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ጠፍቶ ነበር። ወደ ሶንጎው ሲወጣ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሰፈሩን ጉዳይ ወደሚያዩበት ወደዚያ ትልቅ ዛፍ ጥላ ማለት ነው፣ እግሩን ይጎትት ነበር። ሁለት ጊዜ ቆሞ ጫማውን አሰረ። ጫማው ማሰሪያ የለውም፤ ቦት ነው።

ጉዳዩ የውሻ ነው። ውሻው የጥሩብርሃን ነው። ጥሩብርሃን ማለት የመላኩ ሚስት ናት፤ መላኩ የደግነት የልብ ጓደኛ፣ ካረፈ ዘጠኝ ወሩ ነው። ልጅ አልወለዱም። መላኩ ከተቀበረ በኋላ ሴትዮዋ ሰው ማናገር ተወች። ቤተክርስቲያን ትሄዳለች፣ ከኋላ ተቀምጣ ትመለሳለች። ቡናዋን ትለቅማለች። የምታናግረው አይነኬን ብቻ ነው፤ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ቡላ ውሻ። «አይነኬ፣ ዛሬ ብርድ አለ»፣ «አይነኬ፣ ጨው አለቀ» ስትል የሚሰማት መንገደኛ እያዘነ ያልፋል። መላኩ ሊሞት ሲል የደግነትን እጅ ይዞ «እሷን አደራ» ብሎታል። ያንን ደግነት ለማንም አውርቶት አያውቅም። በሕይወቱ ያላወራው ነገር ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ በዚያ ወር የይርጋ ፍየሎች አንድ በአንድ ማለቅ ጀመሩ። ይርጋ የጥሩብርሃን የአጥር ጎረቤት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ቶሎ ይግላል። ሐሙስ ዕለት ሦስተኛዋ ፍየል ቡናው ውስጥ እንደታሰረች ጉሮሮዋ ተዘንጥሎ፣ ጎኗ ተበልቶ ተገኘች። አጠገቧ ያለው እሾህ ላይ ቡላ ጠጉር ነበር። ደንቡን ሁሉም ያውቃል፤ ፍየል የበላ ውሻ ይገደላል፤ ገመዱን አስሮ የሚያስረክበው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው። ዓርብ ጠዋት ይርጋ ለሶንጎው አመለከተ። ዓርብ ከሰዓት ደግነት ገበያ መሀል ቆሞ «ውሻ አይደለም፣ ነብር ነው፣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ» አለ። ማታ ላይ ወሬው ይርጋጨፌ ደርሶ ተመልሶ መጥቶ ነበር።

ነገሩም በደግነት አፍ እንዲህ ነው። ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደግነት ቀፎውን ሊያይ ወደ ሸለቆው ወረደ። ጉም ወርዶ እጅ ሲዘረጉ እጅ አይታይም። ከእንሰቱ ሥር አንድ ነገር ሲያኝክ ሰማ። ጉሙ ገለጥ ሲል ነብር! ርዝመቱ ከገደብ ከተማ የሚመጣውን አውቶቡስ ግማሽ ይሆናል፤ ጢሙ እንደ ሞተር የፍሬን ሽቦ ነው። የይርጋን ፍየል ደረቷን ከፍቶ ይበላል። ቀና ብሎ ደግነትን አየና አገሳ። ሲያገሳ በአካባቢው ያለው ቀይ ቡና ሁሉ ከዛፉ ረገፈ፤ አንድ ሄክታር ቡና ያለ ለቃሚ ተለቀመ። ደግነት አልሸሸም፤ የት ይሸሻል፣ እግሩ መሬት ውስጥ ተተክሎ። ነብሩ በልቶ ሲጠግብ መጥቶ እግሩ ሥር ተኛና እንደ ቤት ድመት ኩርርር፣ ኩርርር አለ። መሬቱ ከሥሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግነት ቦቱን አውልቆ በካልሲው እየተራመደ አመለጠ።

ዛፉ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። መሀላቸው ሀይቻ አማኑ ናቸው፤ ሀይቻ የሽማግሌነታቸው ማዕረግ ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ሳሉን ይውጣል። ከዳር በኩል ባለጉዳይ ስለሆነች ለጥሩብርሃን በርጩማ ተሰጥቷታል። የውሻውን ገመድ የእጅ አንጓዋ ላይ ጠምጥማዋለች። አይነኬ እግሯ ሥር ተኝቶ አፉን የፊት እግሩ ላይ አድርጓል። ደግነት ወደዚያ አንዴ አየና ሁለተኛ ላለማየት ወሰነ።

«ደግነት» አሉ ሀይቻ አማኑ። «እዚህ ቦታ ያየኸውን ብቻ ነው የምትናገረው። ከቻልክ እቤትህ አካፍለህ ብትመጣ ጥሩ ነበር።»

ሰው ሳቀ።

«ሀይቻ፣ እኔ እኮ ዛሬ ቀንሼ ነው የመጣሁት። እንዲያውም በጌታ ስም...»

«መማል አያስፈልግም። አውራ።»

አወራ። ስለ ጢሙ፣ ስለ ጉሙ፣ ስለ ረገፈው ቡና። አውቶቡሱን በራሱ ፈቃድ ወደ ሚኒባስ ዝቅ አደረገው። ሽማግሌዎቹ አንዳንዱ አገጩን ይዟል፣ አንዳንዱ ፈገግ ይላል፤ ግን ማንም ውሸት ነው አላለም። ነብር በዚያ ሸለቆ ድሮ ነበር። አባቶቻቸው አይተዋል። ደግነት ላቡን ጠረገና ነገሩ የሚያልቅ መሰለው።

ያኔ ነው ይርጋ የተነሳው።

«ሀይቻ፣ እኔ መሃይም ነኝ። ፍየል እንጂ ነብር አላውቅም። ግን የእህቴን ልጅ ጠርቻለሁ። ዲላ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ለደግነት አንድ ሁለት ጥያቄ ትጠይቅልኝ።»

ሳምራ ከኋላ ተነሳች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ አለች። ደግነት አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ሽማግሌ አይፈራም፣ ፖሊስ አይፈራም፣ የተማረ ሰው ግን ሰባት ጊዜ ሰባት ስንት እንደሆነ ያውቃል።

«ጋሽ ደግነት፣ እንስሳው አገሳ ወይስ ኩርርር አለ?»

«ሁለቱንም ቲቸር። መጀመሪያ አገሳ፣ ከዚያ ኩርርር አለ።»

«እቤትዎ ድመት አለች?»

«አለች እንጂ! አይጥ ሳይሆን ጅብ ነው የም...»

«አካፍል!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እሺ፣ አይጥ ነው የምታድነው።»

ሳምራ አልሳቀችም። «ድመት ኩርርር ስትል አስተውለዋል? አየር ስታስገባም ስታስወጣም አታቋርጥም። ምላሷ ሥር ያለችው አጥንት ከጫፍ እስከ ጫፍ ድርቅ ያለች ናት። የአንበሳና የነብር ግን አንዱ ክፍል አጥንት ሳይሆን እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ጅማት ነው፤ የድምፅ ክራቸውም ወፍራም ነው። ለዚህ ነው ያገሳሉ የሚባለው። ሊቃውንቱ ጅማቱ ነው የድምፅ ክሩ ነው እያሉ አሁንም ይከራከራሉ፤ ግን አንዱ ነገር ላይ ይስማማሉ። የሚያገሳው እንደ ድመት ሳያቋርጥ ኩርርር አይልም። ኩርርር የምትለው ደግሞ አታገሳም። አቦሸማኔ ያን ሁሉ አካል ይዞ እንደ ድመት ኩርርር ይላል እንጂ ማግሳት አልተሰጠውም። ሁለቱንም አንድ ጉሮሮ አይችልም።»

ደግነት አፉን ከፈተ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመው ሁልጊዜ ከየት እንደሚመጣ የማያውቀው ቃል ይመጣለት ነበር። አሁንም መጣ።

«ሁለት ነበሩ።»

«ምን?»

«ሁለት እንስሳ ነበር ቲቸር። አንዱ ነብር ነው፣ እሱ አገሳ። ሌላው አነር ነው፣ ትርፍራፊ ሊለቅም የመጣ። ኩርርር ያለው እሱ ነው። ላለማስፈራራት ብዬ ነው አንድ ያደረግኳቸው።»

ሳቁ ዛፉን አነቃነቀው፤ ላባቸው ገና ያልጠነከረ ሁለት ጫጩቶች ከጎጇቸው ወድቀዋል፣ ያየ ሰው አለ። ሀይቻ አማኑ እንኳ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ደግነት ግን አልሳቀም። ከሳቁ በታች የይርጋን ፊት ያያል፤ የይርጋ ፊት ተስፋ እየቆረጠ አይደለም፣ እየጠነከረ ነው።

«እሺ አንዱ አነር ነው» አለች ሳምራ። «እንግዲያው የነብሩን ድምፅ እንስማ።» ስልኳን አወጣች። «እዚህ ኔትወርክ ስለሌለ ከዲላ ጭኜ መጥቻለሁ። ሦስት ድምፅ አለ። የሰሙትን ይንገሩኝ።»

የመጀመሪያው ሲከፈት ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ። ከሆድ የሚወጣ፣ የሚጎተት፣ እየደጋገመ የሚወርድ ማግሳት ነው። ሁለተኛው ክርር... ክርር... ክርር ይላል፣ እንደ እንጨት መጋዝ። ሦስተኛው ቀጭን ጩኸት ነው፣ ወፍ እንጂ አውሬ አይመስልም፤ አቦሸማኔ ግልገሏን ስትጠራ ነው አለች።

«የትኛው ነው?»

ደግነት ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። መጋዙን ሲሰማ ምንም አልመሰለውም፤ ነብር እንደዚያ ይሆናል ብሎ አስቦም አያውቅ። የመጀመሪያው ነው የነብር ወግ ያለው።

«የመጀመሪያው» አለ።

«እሱ አንበሳ ነው ጋሽ ደግነት።»

«ኮንጋ አንበሳ!» አለ ይርጋ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ። «ሀይቻ፣ ሰምተዋል? ነገ ደግሞ ዝሆን ያመጣልናል!»

«እንግዲህ አንበሳ ነበር ማለት ነዋ» አለ ደግነት፣ ድምፁ እየተሰነጠቀ። «እኔ ለትሕትና ብዬ ነው ነብር ያልኩት።»

ይሄኔ የሳቀው ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ አፈረለት፣ እሱም ተሰማው። የሚያፍርለትን ሰው ሲያይ ነገሩን ትቶ መቀመጥ ነበረበት። ግን ከተቀመጠ የአይነኬ ገመድ ከጥሩብርሃን አንጓ ተፈትቶ ወደ ሌላ እጅ ይሄዳል።

እንዴት እንደዳነ ልንገራችሁ፤ ይህንን ከእግዚአብሔር በቀር ማንም አላቀደውም። አንዲት ለቃሚ፣ ሩቂያ የምትባል፣ ከሴቶቹ መሀል እጇን አወጣች።

«ሁለተኛው» አለች። «ያ መጋዝ የሚመስለው። እኔ እሱን ሰምቼዋለሁ። ማለዳ ማለዳ፣ ከላይ በኩል።»

«እኔም!» አለች ሌላዋ። «ማክሰኞ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ አንድ ሽማግሌ፣ ተነስቶ ቆመ። «አናጢው ለቡና ማድረቂያው አልጋ እንጨት ሲጋዝ መስሎኝ ነበር።»

«አናጢው ነው እኮ!» አለ ይርጋ።

«አናጢው ገደብ ከሄደ ሁለት ሳምንቱ ነው» አለች ሩቂያ።

ሰው ተያየ። ሳቁ እንደ ጉም በኖ ጠፋ። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሳቡ። ሳምራ እንኳ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ ስትመልስ ወደ ሸለቆው አየች። አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ቆይ፣ ለምንድነው ይሄ ሁሉ ድምፅ? ምን ያደርግላቸዋል?» አላት።

«ማግሳቱ ለሩቅ ነው አባቴ። እዚህ ነኝ፣ ይሄ የኔ ነው፣ ራቅ በል ለማለት። ኩርርር ማለት ደግሞ ለቅርብ ነው። እናትና ግልገል ተቃቅፈው ይሉታል። ግን ሁልጊዜ ደልቷት አይደለም። ድመት ሲያማትም ትላለች፤ ስትወልድ፣ ስትፈራ፣ አጥንቷ ተሰብሮ ልትሞት ስትልም ትላለች። ራሷን የምታባብል ይመስላል። እኛ ግን ደስ ብሏት ነው እንላለን።»

ደግነት ይህን ሲሰማ ዞሮ ጥሩብርሃንን አየ። እሷ ሳምራን ነበር የምታየው፤ ከዘጠኝ ወር ወዲህ አንድን ሰው እንዲያ ትኩር ብላ ስታይ አይቷት አያውቅም።

ይርጋ ተቀመጠ። ረጅም ጊዜ መሬቱን በእንጨት ጫረ። ከዚያ «ነብር ከሆነ...» አለ፣ «ነብር ከሆነ ውሻው ምን አደረገኝ። እኔ ሴትዮዋን መጉዳት አልፈልግም።»

ደግነት አሸነፈ። በዕድሜው ሙሉ ሲያወራ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ በሙሉ አምነውት አያውቁም፤ አሁን ሳያካፍሉ ወሰዱለት። ግን ደስታው አልመጣም። ልቡ ውስጥ ባዶ ቤት የገባ ያህል ቀዘቀዘው።

ሀይቻ አማኑ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጭንቅላት ገጥመው ተመካከሩ። ነገሩ ቀና ሲባል ነው የከበደው።

«እንግዲህ ነብር ካለ የሰው ነፍስ ይቀድማል» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ከላይኛው ሸለቆ በኩል ማንም ቡና አይለቅምም። ነብሩ እስኪገደል። የሞተችው ፍየል ሥጋ ላይ መርዝ ይደረግና እዚያው ይቀመጣል።»

አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች። የላይኛው ሸለቆ ቡና ያን ሳምንት እሳት መስሎ ቀልቷል። ሩቂያ ያላት ቡና እዚያ ብቻ ነው። የአሥራ ሁለት ቤት ቡና እዚያ ነው፤ የሀይቻ አማኑ የራሳቸውም ጭምር። በሳምንት ውስጥ ካልተለቀመ ዛፉ ላይ ይደርቃል፣ የቀረው መሬት ላይ ይረግፋል፣ መርዙን ደግሞ የማን ከብት፣ የማን ልጅ እንደሚነካው ማን ያውቃል። ሰዎቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ማንም አልተቃወመም። ነብር ነው እኮ።

ደግነት «ሀይቻ፣ መርዙ እንኳ...» አለና አይነኬን አየ። መርዙን ለማስቀረት ነብሩን መሻር አለበት፤ ነብሩን ከሻረ ደግሞ ውሻው አለ።

«ሌላ የሚናገር አለ?» አሉ ሀይቻ አማኑ፣ እንደ ልማዱ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

«እኔ አለሁ» አለች ጥሩብርሃን።

ድምፅዋን የረሱት ስለነበሩ መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አላወቁም። ከበርጩማዋ አልተነሳችም። ጮክም አላለች፤ ከኋላ ያሉት ወደፊት ተጠጉ።

«ሐሙስ ዕለት ደግነት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ እኔ ቤት ነበር» አለች። «ቀፎውንም አላየም፣ ሸለቆም አልወረደም። ጉምም አልነበረም፣ ፀሐይ ነበር፤ ቡናዬን አስጥቼ ነበር። የዓሣውን ወሬ ሲያወራኝ ዋለ፤ የአራተኛዋን አህያ። ሳቅሁ። መላኩ ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቅሁት፣ ድምፄን ሰምቼ ራሴ ደነገጥሁ።»

ደግነት «እትዬ ጥሩ...» አለ።

«ተው ደግነት፣ ልጨርስ። የሰዎቹ ቡና ይረግፋል።» ወደ ሀይቻ አማኑ ዞረች። «አመሻሽ ላይ አይነኬ ደም በደም ሆኖ ገባ፤ አፉ፣ ደረቱ። እኔ አጠብኩት። ውሃውን ያፈሰሰልኝ ደግነት ነው። ነብር አልነበረም።» ገመዱን ከአንጓዋ ፈትታ ለሀይቻ አማኑ ዘረጋች።